የጥብስ ቅጠሉ ዕድሜ

አቃቂ፣ ሰኔ 12 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለሳህሌ፣ ድሬዳዋ።

እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ፣ የባቡር ጥገናው ሥራስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ከሐሳብ በቀር የያዘኝ በሽታ የለም። ደብዳቤህ ስትዘገይብኝ ጣቢያ ድረስ ሄጄ ባቡር ላይ የሚሠራውን ያደታን ተቆጣሁት። ለካ ከድሬዳዋ ይዟት መጥቶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሦስት ቀን ረስቷት ኖሯል። እሱም ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም ሰው ፊት ስለጮህኩበት ይቅርታ ጠየቅሁት።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ ሦስቱም የጥብስ ቅጠል ችግኞች ከነወተት ጣሳቸው ደርሰውኛል። ከክፍላችን ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር ተከልኳቸው። እንዳዘዝከኝ ጠዋት ፈረቃ ከመግባቴ በፊት አንድ ጣሳ፣ ስወጣ አንድ ጣሳ ውሃ አጠጣቸዋለሁ። ዝናቡ ከገባ ወዲህ እንኳ አላቋረጥኩም። ጎረቤታችን ሐጀራ ከአጥሩ ማዶ ሆና «ሰማዩ እያጠጣልሽ አንቺ ምን ያለፋሻል?» እያለች ትስቅብኛለች። ባሌ ያለኝን ነው የማደርገው አልኳት። ቅጠላቸው ግን ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ነው፤ ምን ላድርግ?

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ሥራዬን ለቅቄ አንተ ዘንድ እንደምሄድ ለክፍላችን አለቃ ነግሬዋለሁ። የስንብት ወረቀቱን ሰጥተውኛል። እስከ መስከረም ሠላሳ ፈርሜ ካላስገባሁ ሐሳቧን ቀይራለች ብለው ይተዉታል። ከፈረምኩ ደግሞ ሥራውም፣ ይህቺ የፋብሪካው መኖሪያ ክፍልም በዚያው ቀን ከእጄ ይወጣሉ። ስለዚህ መቼ እንደምመጣ ቁርጡን ጻፍልኝ። ተዛውረህ ከሄድክ ዘጠኝ ወር ሆኖሃል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያየሁህ ለገና ሦስት ቀን ብቻ ነው። አልጋውን የሚገዛኝ ሰው እንኳ አግኝቻለሁ። ባቡር ባለፈ ቁጥር ሥራዬን ትቼ ጆሮዬን የማቆም ሰው ሆኛለሁ፤ ትናንትም ክር ተበጥሶብኝ ሳላየው ቀርቼ ተቆጡኝ።

ፊደሌ ጠማማ ከሆነ ይቅር በለኝ፤ በማታ ትምህርት የተማርኩት ይኸው ነው።

ባለቤትህ አሰጋሽ


ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለምወድሽ ባለቤቴ ለአሰጋሽ፤ ከጠጠር የበዛ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

መልሴን በማዘግየቴ በጣም አዝናለሁ። ሥራው ፋታ አልሰጠኝም፤ አንድ ባቡር ስንጠግን ሌላው ይመጣል። ፊደልሽ ደግሞ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ከብዙ ጸሐፊ ይሻላል።

የችግኞቹ ነገር አሳስቦኛል። ቢጫ የሆኑት ውሃ አንሷቸው ነው። ጣሳውን ሁለት ሁለት አድርጊው። ሥራቸው ላይ ትንሽ አመድ ነስንሺ፤ ዶሮ እንዳይጭራቸው እሾህ ክበቢባቸው። ይህ ተክል እንዲህ ቀላል ሆኖ ያንቺን እጅ እንዴት እንደፈራ አልገባኝም። እኔ ወደዚህ ተዛውሬ እንደመጣሁ በገዛ እጄ የተከልኳት ዛሬ ወገቤ ላይ ደርሳለች። ጠዋትና ማታ አጠጣታለሁ፤ በአጠገቧ የሚያልፍ ሰው ልብሱ እስከ ማታ ይሸታል። ከእሷ ቀንጠብ አድርጌ ያልጨመርኩበት ጥብስ አሁን አይበላልኝም። ሰማያዊ አበባ ስታወጣ ንቡ አያስጠጋም። ቅርንጫፏን ከላይ በመቀስ እየከረከምኩ አጥር አስመስያታለሁ። ሰው ሁሉ ያደንቃታል።

ስለ መምጣትሽ የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው። የግቢው ባለቤት ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ግርግር አይወዱም። ሙቀቱም አሁን ላንቺ አይሆንም። ትንሽ እንታገሥ።

ያንቺው ሳህሌ


አቃቂ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለሳህሌ።

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው። ሦስቱም ሞተዋል። እንዳልከኝ ሁለት ሁለት ጣሳ ባጠጣኋቸው በስምንተኛው ቀን ነቅዬ ባያቸው ሥራቸው ጠቁሮ ይሸታል። ጥቁሩ ኮትቻ አፈራችን ክረምት ላይ ምን እንደሚመስል አንተም ታውቀዋለህ፤ ጫማ ያስቀራል። እኔም ማወቅ ነበረብኝ። ባሌ ብሏል ብዬ በዝናብ ላይ ውሃ ሳፈስ መክረሜን ሳስበው በራሴ አፍራለሁ።

ጋሽ ወልደገብርኤልን ታስታውሳቸዋለህ? ፋብሪካው ሲከፈት ጀምሮ የዳይሬክተሩን ግቢ አትክልት ሲጠብቁ የኖሩት ሽማግሌ ናቸው። የሞቱትን ይዤ ሄድኩ። አሽትተዋቸው ሳቁና «ልጄ፣ ባልሽ የነገረሽ ለድሬዳዋ አሸዋ ነው። እዚያ ያጠጡት ሁሉ ወዲያው ይሰርጋል። የአቃቂ መሬት ውሃ ከያዘ አይለቅም። ይህ ተክል እግሩ ሲረጥብ አይወድም» አሉኝ። ያስተምሩኛል። የተሰበረ ሸክላ ከታች ደልድዬ፣ በላዩ የወንዝ አሸዋና አፈር ደባልቄ፣ እስከ ጉልበቴ ከፍ ያለ መደብ እንድሠራ ነገሩኝ። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያገኘው የደቡቡ ግድግዳ ነው። ቁራጮቹ የሚተከሉት ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ መስከረም መባቻ ነው። ሸክላውን ከጡብ መጋገሪያው እየለቀምኩ ተሸክሜ አመጣለሁ፤ እጄ ሥራ ሲይዝ ልቤ ትንሽ ያርፋል።

ስለዚህ እስከዚያ ካንተዋ ተክል ቅርንጫፍ ላክልኝ። ቅር አይበልህ እንጂ ጥፋቱ የእጄ አልነበረም።

አሁን የምቆጣህን ልቆጣ። ደብዳቤህ ሁለት ገጽ ናት። ስለ ተክሉ ገጽ ተኩል ጻፍክ። እኔ መቼ እንደምመጣ ጠይቄህ «ትንሽ እንታገሥ» አልከኝ። ትንሽ ማለት ስንት ቀን ነው? ወረቀቱ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል፤ ቀን በቀን አውጥቼ አየዋለሁ፣ መልሼ አስገባዋለሁ። ሠራተኞቹ «አሰጋሽ አልሄደችም እንዴ?» ይሉኛል። ጠባብ ክፍል አልፈራም፤ እዚህም የምንኖረው አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። ሴትዮዋንም ቢሆን ዝም ብዬ እኖርላቸዋለሁ። ደግሞስ አንተ ሥራ ላይ ስትሆን ያቺን ተክል ማን ያጠጣልሃል?

አሰጋሽ


ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለአሰጋሽ፤ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰሽ።

ዝም በማለቴ ብትቀየሚኝ እውነት አለሽ። አሞኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል፤ አትጨነቂ። ሦስቱን ችግኞች በኔ ምክር ምክንያት ማጣትሽ አሳፍሮኛል። ስለዚህ ቀንጠብ ቀንጠብ አድርጌ ሳይሆን አንድ ሙሉ ቅርንጫፍ ከግርጌው በመጋዝ ቆርጬ፣ በረጠበ ጆንያ ጠቅልዬ በያደታ እጅ ልኬልሻለሁ። ከእሱ ሃያ ቁራጭ ይወጣል። ለጋሽ ወልደገብርኤል ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የማን ተክል እንደሆነች ይዩልኝ።

እኔ በማልኖርበት ጊዜ የግቢው ሰዎች ያጠጧታል።

የመምጣትሽን ነገር፣ ድርጅቱ ለባለትዳር ሠራተኞች ቤት ሊሰጥ ነው የሚባል ወሬ አለ። እስከ ጥምቀት ብንቆይ ጥሩ ይመስለኛል።

ያንቺው ሳህሌ


አቃቂ፣ መስከረም 8 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለሳህሌ።

እንኳን አብሮ አደረሰን። ቅርንጫፉ ደርሶኛል። ያደታ በትከሻው ተሸክሞት ሲመጣ መንገደኛው ሁሉ እያሸተተ ተከተለው።

ለመትከል ጋሽ ወልደገብርኤል እቤት ድረስ መጡልኝ። ጫፍ ጫፉን በስንዝር ልክ ቆረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል ገፈፉ፣ አሥራ አራት ቁራጭ ተከልን። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰድጄ ደረቅ ካልሆነ ውሃ እንዳላስጠጋበት አስማሉኝ። ከዚያ የቀረውን ወፍራሙን ግንድ አነሡት። አገላበጡት። ቅርፊቱን በቢላ ፋቅ አደረጉና «ባልሽ ድሬዳዋ ከገባ ስንት ጊዜው ነው?» አሉኝ። አንድ ዓመቱ ነው አልኳቸው። አፈሩን መጠቅጠቅ ቀጠሉ።

ጥያቄያቸው አላስቀመጠኝም። ለምን ጠየቁኝ ብዬ ያዝኳቸው። «ልጄ፣ እኔ አትክልተኛ ነኝ፣ ሌላ ነገር አላውቅም» ብለው ሊያመልጡ ፈለጉ። አልለቀቅኋቸውም። ተያይዘን ዳይሬክተሩ ግቢ ሄድን፣ እሳቸው ራሳቸው የተከሉትንና አምስት ዓመት የሆነውን የጥብስ ቅጠል አሳዩኝ። ግንዱ አንተ ከላክኸው ይቀጥናል። ያንተው የአውራ ጣቴን እጥፍ ያህላል፣ እንደ ወይራ ተሰነጣጥቆ ሸብቷል። አንተን ላለማስጠላት ብለው «እዚያ ሙቀት ስላለ ይፈጥን ይሆናል» አሉ። ቢፈጥን በስንት ዓመት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። አራት አሉኝ፤ ከዚያ በታች እንዲወርዱ ብለምናቸውም አልወረዱም።

አንተ ግን ተዛውሬ እንደመጣሁ በገዛ እጄ ተከልኳት ብለኸኛል። አንድ ዓመት ነው። እንግዲህ ወይ በገዛ እጅህ አልተከልካትም፣ ወይ እዚያ ግቢ የገባኸው ከአንድ ዓመት በፊት ነው። የትኛው ነው? የምጠይቅህ ይህንን ብቻ ነው።

በዕቃ ባቡር ትመላለስ በነበረበት ጊዜ ድሬዳዋ ስታድር ጣቢያው መኝታ ቤት ነው የምተኛው ትለኝ ነበር። በ1956 ጎርፍ ሐዲዱን ቆረጠው ብለህ ፋሲካን እዚያ ዋልክ። እኔ ዶሮውን ከነነፍሱ ለሐጀራ ሰጥቼ ሽሮ በላሁ። እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ ለምን ትዝ እንደሚለኝ አላውቅም። መቀመጥ አቅቶኛል። መደቡን አየዋለሁ፣ ወደ ጣቢያ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። መልስህ እስከ መስቀል ይድረሰኝ።

አሰጋሽ


ድሬዳዋ፣ መስከረም 19 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለአሰጋሽ።

በመስቀል ሰሞን እንዲህ ያለ ደብዳቤ መቀበሌ በጣም አሳዝኖኛል። ለአንድ እንጨት ይህን ያህል?

እሺ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ተክሏን የተከልኳት እኔ አይደለሁም። ስመጣ ነበረች። የግቢው ባለቤት ሴትዮ የተከሏት ናት። በገዛ እጄ ያልኩት ጉራ ነው፤ ባሌ አትክልተኛም ሆነ ብለሽ እንድትስቂልኝ ብዬ ነው። ወንድ ልጅ በሚስቱ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ያወራል። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሽማግሌውም የሰውን ትዳር በእንጨት ባይለኩ ጥሩ ነበር። ለመሆኑ ያደታ የነገረሽ ነገር አለ? እሱ አፉ አያርፍም፣ የሚያወራውን አትስሚው። ከእሱ ጋር ጣቢያ ላይ መቆምሽንም አልወደድኩትም። ከእንግዲህ ደብዳቤ በፖስታ ቤት እንጻጻፍ።

ወረቀቱን አትፈርሚ፤ እስከ ጥምቀት ያልኩሽ ለጥቅምሽ ነው።

ሳህሌ


አቃቂ፣ መስከረም 23 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለሳህሌ።

ያደታ አንዲት ቃል አልነገረኝም። እኔም ጠይቄው አላውቅም፤ ሊጠየቅ የሚችል ነገር እንዳለ ያሳወቅኸኝ አንተ ነህ።

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ጣቢያ ሄድኩ። ሳህሌ ድሬዳዋ ከማን ጋር ነው የሚኖረው አልኩት። ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። «እትዬ አሰጋሽ፣ ይህንን ከባለቤቱ ይስሙት» አለኝ። የገዛ ሚስቱን የጥርስ ሕመም ለጣቢያው ሁሉ የሚያወራ ሰው ነው፤ ዓይኔን ማየት አቃተው። ከዚያ ወዲያ አላስጨነቅኩትም። ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፣ በእኛ ነገር ምን አገባው።

ሳህሌ፣ ሰባት ቀን ቀርቶኛል። መፈረምና አለመፈረም ለኔ ዕድሜ ልክ ነው። አሥር ዓመት የሠራሁበት ማሽን ነው፤ ትቼው ከመጣሁ በኋላ ጣቢያ ላይ የሚቀበለኝ ባጣ ወዴት እመለሳለሁ? ይህን እያወቅህ ነው «ለጥቅምሽ» የምትለኝ። ጉራም፣ ሴትዮዋም፣ ጥምቀትም ይቅሩ። ሚስት አለችህ? ልጅ አለህ? መልስህን ለያደታ ስጠው። የፖስታ ቤቱ ይዘገያል።

አሰጋሽ


ድሬዳዋ፣ መስከረም 27 ቀን 1961 ዓ.ም.

አሰጋሽ፣

አለች። ልጅም አለችኝ።

የግቢው ባለቤት ያልኩሽ ትልቅ ሴትዮ የሉም። ቤቱን የተከራየሁት በ1955 መጨረሻ ነው፤ ተክሏንም በዚያው ዓመት እኔው ነኝ የተከልኳት፤ ይህን አልዋሸሁም። እንዴት እንደጀመረ ብነግርሽ ምን ይጠቅምሻል። በሳምንት ሁለት ቀን ነበር፣ ከዚያ ልጅ መጣች፣ ከዚያ መናገሪያው ቀን አለፈብኝ። ዝውውሩን የጠየቅሁትም ራሴ ነኝ። ልጅቱ አራት ዓመቷ ነው። የእናቴን ስም አወጣሁላት፤ አስካለማርያም ነው የምትባለው። ካንቺ ጋር ለልጃችን ያሰብነውን ስም መስጠቴን ሳስብ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ። ባዘነ ልብ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ሁለቱንም ትቼ ወዳንቺ እመለሳለሁ።

አለቃዬን ወደ አቃቂ እንዲመልሰኝ አነጋግሬዋለሁ፤ ፈቃደኛ ነው። ጥቅምት 9 ቅዳሜ ጠዋት በሚገባው ባቡር እመጣለሁ። ወረቀቱን አትፈርሚ፣ ክፍሏንም አትልቀቂ፣ እንደ ድሮው እንኖርባታለን። እስከዚያ ለሐጀራም፣ ለሽማግሌውም፣ ለማንም አትንገሪ። በኛና በእግዚአብሔር መካከል ይቅር።

ሳህሌ


አቃቂ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለሳህሌ።

ደብዳቤህን ያደታ ትናንት ፋብሪካው በር ላይ፣ ፈረቃ ስቀይር ሰጠኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ሰው ሁሉ በጎኔ እያለፈ ይገባል፣ ይወጣል። ጥበቃው ወንበር አመጣልኝ። አለቀስኩ፤ የሚያየኝ አለ ብዬም አላፈርኩም። ዓመት ሙሉ ሻንጣዬን ስሠራ ስፈታ የኖርኩት፣ አልጋዬን ለገዢ ሳሳይ የከረምኩት፣ ሌላ ሴት ወደተኛችበት ቤት ለመግባት ነበር።

ከዚያ ተነሥቼ ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩት። ጸሐፊዋ «መሄዱ ቀረ?» አለችኝ። ቀረ አልኳት።

ለማን ነገርሽ ብለህ ከምትጨነቅ እኔው ልንገርህ፤ ለጋሽ ወልደገብርኤል ነግሬያቸዋለሁ፣ ለሐጀራም ነግሬያታለሁ። የምደብቀው ጥፋት የለብኝም።

አሁን ስለ አንዲቷ መስመርህ። ስለ ሴትዮዋ ሳነብ ተቃጠልኩ፤ ስለ ልጅቱ ስም ሳነብ የባሰ ተቃጠልኩ። ይህን ያህል ተቃጥዬም ደብዳቤውን እስክጨርስ ድረስ ምናልባት ይቅር እለው ይሆናል የሚል ሐሳብ ውስጤ ነበር። ስድስት ዓመት ያገባሁት ሰው ነህ፤ እወድሃለሁ፣ ይህ በአንድ ቀን አይለቅም። «ሁለቱንም ትቼ ወዳንቺ እመለሳለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ያ ሐሳብ ሞተ። የአራት ዓመት ልጅህን ለመተው አንድ መስመር በቃህ። ማን ያሳድጋታል፣ ምን ትበላለች፣ አባቴ የት ሄደ ስትል ምን ይሏታል፤ ምንም አልጻፍክም። እኔም ደስ ይለኛል ብለህ ነው የጻፍከው። ድሬዳዋ ላይ እኔን የተውከኝም እንዲህ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ነገ እኔንም ለሌላ በአንድ መስመር ትጽፈኛለህ።

ለልጅቱ ክፉ አልመኝም። አትተዋት። እናትየዋ እኔ መኖሬን ታውቅ እንደሆነ አልነገርከኝም፤ ካላወቀች ንገራት፣ እሷም እንደኔ ከእንጨት እንዳትማር።

ጥቅምት 9 እንዳልከው ና። ወደ ክፍሌ ግን አትምጣ። ሽማግሌ ጠርቻለሁ፤ ጋሽ ወልደገብርኤል፣ የዕድራችን ዳኛ አቶ ዱጉማና የሐጀራ ባል ከሊል ናቸው። ከጣቢያው ማዶ አቶ ዱጉማ ቤት ይቀመጣሉ። የጋብቻ ውላችንን በፊታቸው እናፈርሳለን፤ ልብስህንና ራዲዮኑን አሰናድቼልሃለሁ፣ ይዘህ ትመለሳለህ። ሌላ የምትጠይቀኝ ካለ በፊታቸው ጠይቀኝ።

በዚያ ሳምንት ፈረቃዬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ነው። እስከ ሰባት እንዲጨርሱልን ነግሬያቸዋለሁ፤ እንዳታስረፍደኝ።

አሰጋሽ